ማዳበሪያው ከደጃፋችን ነው

ከአንድ የክረምት አስተማሪ

የዛሬው ንባባችን ስለ አፈር ነው። ረዘም ይላል፤ ግን አትፍሩት። በየንዑስ ርእሱ እያረፋችሁ አንብቡት። ያነበባችሁትን ደግሞ ማንበብ ላልጀመረ ጎረቤት ንገሩት።

የድሮው በረት

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ድሮ በረት የነበረበት ማሳ ታውቃላችሁ? በረቱ ከተነሣ ሁለት ሦስት ዓመት ሆኖታል እንበል። ቦታው ታርሶ ገብስ ተዘርቶበታል። ታዲያ ገብሱ እንዴት ነው? ከሌላው ይበልጣል አይደል? ቅጠሉ ጠቆር ይላል። አገዳው ይወፍራል። ዛላው ይከብዳል። ከሩቅ የሚያየው ሰው እንኳ "እዚያ ጋ በረት ነበር" ይላል።

የጓሮውን ጎመንም ተመልከቱ። አመድና ጥራጊ ከሚደፋበት አጠገብ የበቀለው ጎመን ቅጠሉ ሰፌድ ያህላል። ከዚያ ራቅ ብሎ የበቀለው ግን ቀጫጫ ነው። ዘሩ አንድ ነው። ዝናቡም አንድ ነው። የተለየው አፈሩ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘነውም። እናቶቻችንና አባቶቻችን ሲያዩት የኖሩት ነገር ነው። እስቲ ዛሬ ምክንያቱን እንመርምር።

መሬትም ይበላል

ሰው ካልበላ አይሠራም። በሬም ካልጋጠ ቀንበር አይጎትትም። መሬትም እንዲሁ ነው። ካልበላ አያበላም።

አንድ ማሳ እናስብ። ገብሱን አጭደን ወደ ጎተራ እናስገባለን። ገለባውን ለከብት እንወስዳለን። ከብቱ በልቶ እበት ይጥላል። እበቱን ጠፍጥፈን ኩበት እናደርገዋለን። ኩበቱን እናነደዋለን። ጭሱ ወደ ሰማይ ይሄዳል። አመዱ ከደጅ ይደፋል። ታዲያ ወደ ማሳው ምን ተመለሰ? ምንም!

ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም መሬቱ ይከሳል። ከብት ሲከሳ የጎን አጥንቱ እንደሚቆጠር፣ መሬትም ሲከሳ ይታወቃል። አፈሩ ይነጣል። በእጅ ሲይዙት እንደ አመድ ይበናል። ዝናብ ሲመጣ ውኃውን አይዝም። ውኃውም አፈሩን ተሸክሞ ወደ ወንዝ ይወርዳል።

ለም አፈር ሕይወት አለው። በአንድ የሻይ ማንኪያ ለም አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ነፍሳት ይኖራሉ። በዓይን የምናየውም አለ፤ ለምሳሌ የመሬት ትል። እነዚህ ሁሉ ቅጠሉን፣ ሥሩንና ፍጉን እየበሉ ያበሰብሱታል። እነሱ ያበሰበሱትን ተክሉ በሥሩ ይመጠዋል። ለተክሉ ምግብ አብሳዮቹ እነሱ ናቸው ማለት ነው።

ተክል አብዝቶ የሚፈልጋቸው ሦስት ምግቦች ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ፖታሲየም ይባላሉ። ስማቸው ከበደን? ግድ የለም፤ እንዲህ ብለን እንያዛቸው። ናይትሮጅን ቅጠሉን ያለመልማል። ፎስፎረስ ሥሩንና ፍሬውን ያጠነክራል። ፖታሲየም ተክሉ በሽታንና ድርቅን እንዲችል ያግዛል። ሦስቱም ፍግ ውስጥ አሉ። ኩበት ሲነድ ግን ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። የሚቀረው አመድ ነው። አመድም ጥቅም አለው፤ ነገር ግን ፍግ የሚሰጠውን ሁሉ አይሰጥም።

ማዳበሪያ ማለት ምን ማለት ነው?

"ማዳበሪያ" ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ነጩ ጆንያ ነው። ጆንያውን ራሱን እኮ "ማዳበሪያ" ብለነዋል! እህል እንሞላበታለን፤ ከሰል እንጭንበታለን። ቃሉ ግን የመጣው "ዳበረ" ከሚለው ነው። ማዳበሪያ ማለት መሬትን የሚያዳብር ነገር ማለት ነው። እንግዲያው ፍግም ማዳበሪያ ነው። የበሰበሰ ቅጠልም ማዳበሪያ ነው። ፍግን፣ ቅጠልን፣ አመድንና አፈርን አንድ ላይ ከምረን ስናበሰብሰው ደግሞ ኮምፖስት ይባላል። ብስባሽ የሚሉትም አሉ።

የፋብሪካው ማዳበሪያ ቶሎ ይሠራል። ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን አገራችን ከውጭ አገር በዶላር ስትገዛው ኖራለች። ዩሪያ የሚባለው ደግሞ በአብዛኛው የሚሠራው በተፈጥሮ ጋዝ ነው። ጋዝ ሲወደድ ዩሪያም ይወደዳል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2022 በሩሲያና በዩክሬን መካከል ጦርነቱ ሲጀመር የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ሰማይ ነካ። ከእኛ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ የተተኮሰ ጥይት የገበሬያችንን ኪስ አገኘው። የራሳችንን በረት ግን ማን ያስወድድብናል?

"በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል" ይባላል። እኛም በእጃችን ያለውን ማዳበሪያ እንደ ጥራጊ ቆጥረነዋል።

የኩበቱ ጥያቄ

እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት ክረምት በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ በምትገኝ አንዲት መንደር ማንበብና መጻፍ ሳስተምር ነበር። ተማሪዎቼ እናቶችና አባቶች ናቸው። ከሁሉም ታናሽ እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን በሰሌዳው ላይ "ፍግ" የሚለውን ቃል ጻፍን። እኔም ቃሉን ይዤ ረጅም ንግግር አደረግሁ። "ኩበት ማንደድ መሬትን ማስራብ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እበቱ ሁሉ ወደ ጉድጓድ ይግባ!" አልኩ። እውነቱን ለመናገር በራሴ ንግግር ደስ ብሎኝ ነበር።

አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ።

"መምህር፣ ልጠይቅህ?"

"ይጠይቁ እማማ።"

"ኩበቱን ለጉድጓድ ከሰጠሁት፣ እንጀራዬን በምን ልጋግረው?"

ቤቱ ጸጥ አለ። እኔም ዝም አልኩ። እሳቸው ግን ቀጠሉ።

"ጫካው አልቋል። ባሕር ዛፉን ለቤት መሥሪያና ለገበያ እንፈልገዋለን። ለአንድ ሸክም ጭራሮ ልጄ ግማሽ ቀን ትሄዳለች። ያን ቀን ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ያለኝ ኩበት ነው። የተረፈኝንም ገበያ አውጥቼ ጨውና ሳሙና እገዛበታለሁ። መሬቱ ተራበ ትለኛለህ፤ እውነትህን ነው። ልጆቼስ?"

መልስ አልነበረኝም። ያነበብኩት መጽሐፍ "እበት ጨምሩ" ይላል እንጂ "ምጣዱስ?" ብሎ አይጠይቅም። የእለቱን ትምህርት በጊዜ ዘጋሁት። ማታም እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምክር መስጠት ቀላል ነው፤ ምክሩ የሰውን ጉልቻ የሚያቀዘቅዝ ከሆነ ግን ማን ይቀበለዋል?

መልሱ ከየት መጣ?

በማግሥቱ "እማማ ለጠየቁኝ መልስ የለኝም። አብረን እንፈልገው" አልኩ። የተማርነው ጽሕፈት ለሥራ ዋለ። በሰሌዳው ላይ ወሮቹን ከመስከረም እስከ ነሐሴ በተርታ ጻፍናቸው። ከእያንዳንዱ ወር ሥር "ኩበት ይደርቃል? አይደርቅም?" ብለን ጠየቅን። መልሱን የሰጡት እናቶች ናቸው።

ከጥቅምት እስከ ግንቦት ፀሐይ አለ። ኩበት ይጠፈጠፋል፤ ይደርቃል፤ ይከመራል። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ግን ዝናብና ጭጋግ ነው። ኩበት አይደርቅም። እበቱ ከበረት እየተዛቀ ከቤት በታች ይጣላል። ዝናብ ያጥበዋል። ወደ ወንዝ ይወርዳል።

የጠየቁኝ እናት ሰሌዳውን ትክ ብለው አዩት።

"እንግዲህ የክረምቱ እበት ለምጣዱም አልሆነ፣ ለመሬቱም አልሆነ" አሉ። "የማንም አይደለም ማለት ነው።"

ሌላዋ እናት ቀበል አድርገው "በክረምት ደግሞ አረም ሞልቷል። የከብቱ ሽንት የነካው ጉዝጓዝም አለ። እሱን ማን አንድዶት ያውቃል?" አሉ።

መልሱ ይኸው ነበር። የበጋው እበት ለምጣድ፣ የክረምቱ እበት ለመሬት! ከማንም ጉልቻ ምንም አይወሰድም። የሚወሰደው ከወንዙ ድርሻ ነው።

የእኔ ስሕተት

ሥራው በወንፈል ተጀመረ። ዛሬ እኔ ቤት፣ ነገ አንተ ቤት ተባባልን። ወሩ ነሐሴ ነው። ያነበብኩት መጽሐፍ "ጉድጓድ ቆፍሩ" ስለሚል ጉድጓድ እንቆፍር አልኩ። አንድ ሽማግሌ "ልጄ፣ በነሐሴ ጉድጓድ የሚቆፈረው ውኃ ለማጠራቀም ነው" አሉኝ። አልሰማኋቸውም። አንድ ሜትር ቆፈርን። አረሙንም እበቱንም ሞላንበት።

አሥር ቀን ሳይሞላው ጉድጓዱ ኩሬ ሆነ። ሽታው አያስቀርብም። እንጨት ሰደን አውጥተን ብንዳስሰው ቀዝቃዛ ነው። ሰው ሁሉ የደከመበት ሥራ ከረፋ። አፈርኩ።

ለምን እንዲህ ሆነ? የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ነፍሳት እንደ እኛ አየር ይፈልጋሉ። ውኃ ሲሞላ አየሩ ይዘጋል። አየር ወዳዶቹ ይሞታሉ። በምትካቸው ክርፋት የሚያመጡት ይራባሉ።

ሽማግሌውን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ሳቁና "ጉድጓድ ለበጋ፣ ክምር ለክረምት" አሉኝ። ትክክል ነበሩ። በበጋ ጉድጓድ እርጥበቱን ይጠብቃል። በክረምት ግን ከመሬት በላይ መከመር ይሻላል። የከረፋውን አወጣነው። ደረቅ አገዳና ገለባ ቀላቀልንበት። ከፍ ካለ ቦታ ከመርነው። በዙሪያው ቦይ ቀደድን። ከላይ ሣር አለበስነው። በሳምንቱ እንጨቱን ስናወጣው ሞቆ ነበር። ክምሩን ገለጥ ስናደርገው እንፋሎት ወጣ። እናቶች እልል አሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው

1. ቦታ ምረጡ። ከፍ ያለ፣ ጥላ ያለው፣ ከበረትም ከማሳም ያልራቀ ይሁን። ከምንጭና ከመጠጥ ውኃ ግን ይራቅ። ክምሩ በክረምት ከመሬት በላይ፣ በበጋ በጉድጓድ ይሁን። የጉድጓዱ ጥልቀት አንድ ሜትር ይበቃል።

2. የሚከመረውን አዘጋጁ። ደረቅ ነገር፦ አገዳ፣ ከብት የተወው ገለባ፣ የደረቀ ቅጠል። እርጥብ ነገር፦ አረም፣ ሣር፣ የጎመን ቅጠል፣ የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ። ከዚያም እበት፣ የበረት ጉዝጓዝ፣ አመድና አፈር። ረጃጅሙን በማጭድ ቆራርጡት። ያጠረ ቶሎ ይበሰብሳል። አረሙ ዘር ሳይዝ ቢታጨድ ጥሩ ነው።

3. ከሥር ወፍራም አገዳ ወይም ጭራሮ አንጥፉ። ውፍረቱ አንድ ስንዝር ያህል ይሁን። ይህ አየር ያስገባል፤ ውኃም ያወጣል። ወርዱ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ይበቃል።

4. በዚያ ላይ በተራ ደርድሩ። አንድ ስንዝር ደረቅ። አንድ ስንዝር እርጥብ። አራት ጣት እበት ወይም የበረት ጉዝጓዝ። ከላይ ስስ አፈርና ጥቂት አመድ ነስንሱ። ደረቁ ላይ ውኃ እርጩ። ከዚያ እንደገና ከደረቁ ጀምሩ። ክምሩ ደረት ሲደርስ ይብቃ። ስትሠሩ በላዩ ላይ አትቁሙ፤ ከረገጣችሁት አየሩ ይወጣል።

5. መሐሉ ላይ ረጅም እንጨት ትከሉ። ይህ እንጨት የክምሩ ሐኪም ነው። ክምሩን በሣርና በቅጠል አልብሱት። በበጋ በጭቃ ብትመርጉት እርጥበቱ አይሄድም።

6. በሳምንቱ እንጨቱን ንቀሉና ዳስሱት። ሞቆ ረጠብ ካለ ደህና ነው። ሞቆ ከደረቀ ውኃ ጨምሩ። ቀዝቅዞ ከሸተተ ውኃ በዝቶበታል፤ ከፍታችሁ ደረቅ ነገር ቀላቅሉ። ቀዝቅዞ ከደረቀ እበትና ውኃ አንሶታል።

7. በወሩ ገልብጡት። የላዩ ወደ ታች፣ የዳሩ ወደ መሐል ይግባ። የመሐሉ ሙቀት ደህና ሲሆን ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል። ይህ ሙቀት ብዙውን የአረም ዘርና የበሽታ ጀርም ይገድላል። የዳሩ ወደ መሐል የሚገባውም ሙቀቱ እንዲያገኘው ነው።

8. ከሦስት እስከ አራት ወር ጠብቁ። በደጋ ብርድ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። መብሰሉ በምን ይታወቃል? መልኩ ይጠቁራል። ቅጠሉ ከአገዳው አይለይም። አይሸትም፤ ዝናብ የመታው መሬት ጠረን ይሰጣል።

የእኛ ክምር አጠገብ አንዲት ጣውላ ተክለን ነበር። የተከመረበትንና የሚገለበጥበትን ቀን የጻፉት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ከሁለት ወር በፊት እስክሪብቶ ያልጨበጠ እጅ "መስከረም 20 ይገለበጥ" ብሎ ጻፈ። እኔ መስከረም ሳይጋመስ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ። ጣውላዋ ግን እዚያው ቀረች።

ክምር ውስጥ የማይገባ

ፌስታል፣ ላስቲክ፣ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና የባትሪ ድንጋይ አይገቡም። አይበሰብሱም፤ መሬትንም ይመርዛሉ። የሰው ዓይነ ምድር አይግባ፤ በሽታ ያመጣል። በበሽታ የሞተ እንስሳ አይግባ። የባሕር ዛፍ ቅጠል አታብዙ፤ በቀላሉ አይበሰብስም። ፀረ አረም መድኃኒት የተረጨበትን ሣርና ገለባም ተዉት። ሥጋና ቅባት ጅብና አይጥ ይጠራልና ይቅር።

እንዴት ይጨመራል? ስንትስ ይበቃል?

ኮምፖስቱን ለዘር ስታርሱ በተኑት። በዚያው ቀን ከአፈሩ ጋር አዋሕዱት። ፀሐይ ላይ ተበትኖ ከዋለ ኃይሉን ያጣል። ለጎመን፣ ለድንችና ለቃሪያ በየጉድጓዱ አንድ ሁለት እፍኝ ብትጨምሩ ይበቃል።

ለአንድ ሄክታር 80 ኩንታል ያህል ቢገኝ ጥሩ ነው። ለሩብ ሄክታር 20 ኩንታል መሆኑ ነው። ብዙ ነው አላችሁ? አዎ፣ ብዙ ነው። ስለዚህ በአንድ ዓመት ማሳውን ሁሉ ለማዳረስ አትሞክሩ። ከጓሮ ጀምሩ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌላው ቁራሽ እለፉ። የኮምፖስት ጉልበት በአንድ ዓመት አያልቅም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የፋብሪካ ማዳበሪያ የምትጠቀሙ ደግሞ በአንድ ጊዜ እርግፍ አድርጋችሁ አትተዉት። ኮምፖስቱን ጨምሩ፤ ውጤቱን እዩ፤ ከግብርና ባለሙያ ጋር ተማክራችሁ ቀንሱ።

ሌሎችስ ምን አደረጉ?

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1996 በትግራይ አንድ ሥራ ተጀመረ። የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት የሚባል ድርጅት ከግብርና ቢሮ ጋር ሆኖ በአራት መንደሮች ኮምፖስት ማሠራት ያዘ። ከሥራው ጀርባ የነበሩት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ናቸው። ሁለቱም የዕፅዋት ተመራማሪዎች ነበሩ። ዛሬ ሁለቱም በሕይወት የሉም። ዶክተር ተወልደ በ2000 በስዊድን የሚሰጠውን "ራይት ላይቭሊሁድ" የተባለ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

የሥራው ውጤት ለዓመታት በገበሬዎቹ ማሳ ላይ ተለካ። ኮምፖስት የበላው ማሳ ምንም ካልተጨመረበት ማሳ እጥፍ ያህል ሰጠ። የፋብሪካ ማዳበሪያ ካገኘው ማሳ ጋርም ተወዳደረ፤ በብዙ ቦታ በለጠ። ዝናብ በቶሎ ሲቆምም አፈሩ እርጥበቱን ያዘ። ሥራው ከአራቱ መንደሮች ወጥቶ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተስፋፋ።

የኮንሶ ሕዝብ ደግሞ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምሮ ዳገቱን በድንጋይ እርከን አጥሮ ያርሳል። ከብቱን ቤት አስሮ ይቀልባል። ፍጉን ተሸክሞ ወደ እርከኑ ይወስዳል። በ2011 ዩኔስኮ ይህን የኮንሶን መሬት በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በጉራጌ፣ በሲዳማና በጌዴኦም ፍጉና ጥራጊው ለእንሰቱ ይሰጣል። የቤቱ ዙሪያ አፈር ጥቁርና ለም የሆነው ለዚህ ነው።

አፈርን የሚረዱ ሌሎች መንገዶች

ባቄላ፣ አተርና ምስር ዝሩ። ከገብስና ከስንዴ ጋር አፈራርቁ። የባቄላን ሥር ነቅላችሁ እዩት። ትንንሽ እንክብሎች አሉበት። በውስጣቸው የሚኖሩት ጥቃቅን ነፍሳት ናይትሮጅንን ከአየር እየያዙ ለተክሉ ይሰጣሉ። ከባቄላ በኋላ የተዘራ ገብስ የሚያምረው ለዚህ ነው።

አመድ አትድፉ። ውለታ የማይመለስለት ሰው "አመድ አፋሽ" ይባላል። በዚህ ሥራ ግን አመድ ያፈሰ ይጠቀማል። አመድ ፖታሲየም አለው። በጣም ዝናባማ በሆነ አገር አፈሩ ይኮመጥጣል፤ አመድ ኮምጣጣነቱን ይቀንሳል። ከመጠን አይብዛ እንጂ መልካም ነው።

እርከን ሥሩ። የበሰበሰ ፍግ ተበትኖ ጎርፍ ከወሰደው ድካሙ ከንቱ ነው። በእርከኑ ላይ ዛፍ ትከሉ። ለደጋ ትሪ ሉሰርን የሚባለው ተክል ጥሩ ነው። ቅጠሉ ለከብት መኖ፣ እንጨቱ ለማገዶ ይሆናል፤ አፈሩንም ያዳብራል።

ምድጃችሁን አሻሽሉ። በክፍት ጉልቻ ላይ አብዛኛው ሙቀት ሜዳ ላይ ይቀራል። ዙሪያው የተዘጋ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ በትንሽ ኩበት ይጋግራል። ከምድጃ የተረፈ ኩበት ለመሬት የሚሰጥ ትርፍ ነው።

ለከተማ ነዋሪዎች

ከተማ የምትኖሩ "እኛ በረት የለንም" ትሉ ይሆናል። ጆንያ ግን አላችሁ። ያንኑ ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ውሰዱ። ጎኑንና ሥሩን በሳቱ። አንድ ስንዝር ደረቅ ቅጠል፣ ከዚያ የአትክልት ልጣጭና የቡና አተላ፣ ከዚያ ጥቂት አፈር እያደረጋችሁ ሙሉት። በሳምንት አንድ ጊዜ በእንጨት አማስሉት። ረጠብ ይበል እንጂ አይጨቅይ። በጥቂት ወራት ውስጥ ጆንያው እንደገና እውነተኛ ማዳበሪያ ይይዛል። በግቢ የምትኖሩ ጎረቤቶች ተባብራችሁ አንድ ክምር ብታበጁ ደግሞ የቆሻሻ ገንዳውም ይቀልላል፤ የጎመን መደብም ታገኛላችሁ።

ዘንድሮ ያየሁት

ዘንድሮም በክረምት ወደዚያች መንደር ሄድኩ። ጣውላዋ እዚያው ቆማለች። ፊደሉ በዝናብ ደብዝዟል፤ ግን ይነበባል። "መስከረም 20 ይገለበጥ" ከሚለው ሥር በሌላ ሰው እጅ "ተገልብጧል" ተብሎ ተጽፏል። ዝቅ ብሎ ደግሞ "የካቲት 5 በሰለ" ይላል።

የጠየቁኝ እናት ወደ ማሳቸው ወሰዱኝ። ኮምፖስቱ ለሁሉም አልበቃም ነበር። በቤቱ በኩል ያለውን ግማሽ ብቻ አብልተውታል። ድንበሩ ላይ ድንጋይ አስቀምጠዋል። ድንጋዩ ግን አያስፈልግም ነበር። ገብሱ ራሱ ድንበሩን ያሳያል። ወዲህ ያለው ጠቁሮ ጉልበቴን አልፏል። ወዲያ ያለው ቢጫ ብሎ ከጉልበቴ በታች ቀርቷል።

"ስንት ቁና ይሆናል እማማ?" አልኳቸው።

"እሱን በኅዳር እንለካለን። አሁን ብነግርህ ውሸት ይሆንብኛል" አሉኝ። ቀጥለውም "ወዲህ ያለውን ለብቻ፣ ወዲያ ያለውን ለብቻ አስወቃለሁ። ቁጥሩን እኔው እጽፈዋለሁ" አሉ።

ከዚያ ወደ ቤት ገባን። ቡና ተፈላ። ምድጃው ላይ የሚነደው ባለፈው በጋ የደረቀ ኩበት ነበር። ከቤቱ በላይ ደግሞ፣ ቦይ በተቀደደለት ከፍታ ላይ፣ የዘንድሮው ክምር ሣር ለብሶ ይጨሳል። ዘንድሮ ከእሳቸው ሌላ አምስት ቤቶች ከምረዋል።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎች! ነገ ጠዋት በረቱን ስትዝቁ ቆም በሉና አስቡ። ይህ እበት ወዴት ሊሄድ ነው? ወደ ምጣድ ነው? ይሁን። ወደ ማሳ ነው? መልካም። ወደ ወንዝ ከሆነ ግን መልሱት።

አንብበን እንወያይ

1. ከማሳችን በየዓመቱ ምን ምን እናወጣለን? ምንስ እንመልሳለን?

2. በእኛ ቀበሌ ኩበት የማይደርቅባቸው ወሮች የትኞቹ ናቸው? በተርታ ጻፏቸው።

3. ክምሩ ቀዝቅዞ ቢሸት ምን ማድረግ ይገባል?

4. በወንፈል ወይም በደቦ የመጀመሪያው ክምር በማን ቤት ይሠራ? ቀኑን ወስናችሁ በጣውላ ላይ ጻፉ።